የጠብታው ቀን

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ። የሦስት ሰዓቱ ንባብ አልቆ፣ የዝናብ መለኪያው ተደፍቶ ተወልውሎ፣ ሁለቱ ሴቶች ጤዛ የጠጣ ጫማቸውን ደፍ ላይ እየጠረጉ ወደ ቢሮ የገቡበት ሰዓት።

የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያው ከከተማው ጫፍ ላይ በሽቦ የታጠረ የሣር ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ በአራት እግሩ የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ሙቀትና እርጥበት የሚለኩት መሣሪያዎች እዚያ ውስጥ ከፀሐይ ተደብቀው ይኖራሉ። ከሱ ራቅ ብሎ የመዳብ ዝናብ መለኪያ፣ አጥሩ ጥግ ደግሞ ብርቱካን የሚያህል የመስታወት ኳስ ተቀምጧል። ፀሐይ ስትወጣ ኳሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ከበስተኋላው ያለውን ካርቶን በቀጭኑ ያቃጥላል፤ የቃጠሎው መስመር ሲለካ ቀኑ ስንት ሰዓት እንደበራ ይታወቃል። እዚያ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቀስ ብሎ መሄድ ይለምዳል። ጉም በሚወርድበት ጠዋት ከቢሮው በር እስከ ነጩ ሳጥን ያለው ሠላሳ እርምጃ በእንቅልፍ ልብ የሚሄዱት መንገድ ይመስላል።

ሥራው በየሦስት ሰዓቱ ወጥቶ ማየት፣ ያዩትንም በእርሳስ መጻፍ ነው። በእርሳስ የሆነው የብዕር ቀለም በዝናብ ስለሚፈስ ነው። ትልቋን ሠራተኛ ሰው ሁሉ እትዬ ደመና ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ላይ ሲያዩ ከመኖራቸው የተነሳ መንገድ ሲሻገሩ እንኳ ዓይናቸው ሰማይ ላይ ነው፤ መኪና ሳይገጫቸው ለዚህ ዕድሜ መብቃታቸውን የግቢው ጥበቃ እንደ ተአምር ያወራዋል። አላገቡም። ለምን ሲባሉ "ቀና ብዬ ሳይ ሁሉም በሥሬ አለፈ" ይላሉ። ሁለተኛዋ ሠራተኛ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ከተቀጠረች ጀምሮ የሚጠሯትም "ልጅት" እያሉ ነው፤ ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ።

ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ግራጫ ደብተሮች ነበሩ። ሁለቱም ጣቢያው የሚያድላቸው፣ ኪስ የሚገቡ፣ አምድ የተሰመረላቸው ናቸው። እትዬ ደመና የወሩን ማጠቃለያ ሊሠሩ አንዱን አንስተው ገለጡ። ሁለት ገጽ አነበቡና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

"ይሄ የየትኛው ጣቢያ ነው?"

ልጅት ደብተሩን ስታይ ክው አለች። ጠዋት ከቤት ያወጣችው መንገድ ላይ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ልትጥለው ነበር። ገንዳው አጠገብ ደርሳ እጇ እምቢ አላት፤ ቢሮ ስትገባም ሳታስበው ከጃንጥላዋ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"የኛ አይደለም እትዬ፤ ይስጡኝ።"

"የኛ እንዳልሆነማ አየሁ። በየአሥራ አራት ቀኑ ሳያዛንፍ የሚዘንብ አገር ካለ እስከ ዛሬ ለምን ደበቁኝ? ይሄ ሰው ቤቱ ተጋድሞ ነው የሚጽፈው። ሰነፍ ነው።"

"ሰነፍ አይደለችም።"

"ሴት ናት?"

ልጅት ደብተሩን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እትዬ ደመና ወጉ ጥሟቸዋል፤ ጣታቸውን በአምዱ ላይ እያወረዱ ቀጠሉ።

"ተመልከቺማ። እዚህ አምስት ቀን ጥቁር ነጥብ፤ ይሄ ደህና ዝናብ ነው። ቀጥሎ አንድ ቀን ጠብታ ብቻ። ደግሞ አምስት ቀን ዝናብ። ደግሞ ጠብታ። ሴትዮዋ ሁለቱንም እኩል ቆጥራ ከጠብታውም 'አንድ' ብላ ትጀምራለች። ጠብታ ይጻፋል እንጂ የዝናብ ቀን ተብሎ ይቆጠራል? ማነው ያስተማራት?"

"እርስዎ ነዎት" አለች ልጅት።

እትዬ ደመና ቀና አሉ። ከዚያ ደብተሩን በቀስታ ዘጉትና መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ፤ ነፋስ ሊገልጠው የሚፈልግ ይመስል።

"ዝናብ አይደለም" አለች ልጅት። "እኔ ነኝ።"

አንዴ ከጀመረች ሌላው ተከትሎ ወጣ። ባሏ የከፍተኛ ኃይል መብራት መስመር ሠራተኛ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ሥጋው ጥቂት ስለሆነ ባልደረቦቹ ሽቦ ይሉታል። ከተጋቡ ሰባት ዓመት፣ ልጅ መፈለግ ከጀመሩ ደግሞ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ላይ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሌሎች ሦስት ደንበኞች እያስተናገደ "ደም ካየሽበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ነገሩ ያለው አሥራ አራተኛው ቀን ላይ ነው" አላት። የቱ ደም ብላ አልጠየቀችም። ደም ደም ነው። ለዚያውም እሷ ጠብታ የምትንቅ ሰው አይደለችም፤ የመለኪያው መስመር ላይ የማይደርሰውን እርጥበት እንኳ ሳትጽፍ አልፋ አታውቅም፤ በሥራዋ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ስለዚህ ያየችውን ሁሉ ጻፈች። ደብተሩ ሰው እጅ ቢገባ እንዳታፍር የጣቢያውን ምልክት ተጠቀመች፤ ለብዙው ጥቁር ነጥብ፣ ለትንሹ የጠብታ ምልክት። አሥራ አራተኛው ቀን በቀረበ ቁጥር ለባሏ ትደውላለች፤ ቀኑ በየሁለት ሳምንቱ ሁሌ ሐሙስ ላይ ስለሚውል ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል። ባሏ ከጓደኞቹ ጋር ተራ ተቀያይሮ፣ በሚያገኘው መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። በመጣበት ቀን ደም አለ። ወይ ጠብታው ነው፣ ወይ ብዙው።

በዚያ ቤት ደም በታየ ቀን እሷ ትራሷን ይዛ ወደ ሶፋው ትሄዳለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም፤ እናቷ ለብቻ ስትተኛ እያየች አድጋ ነው። ባሏም አይጠይቅም። ሁለት ቀን ተቀምጦ ቧንቧ ይጠግናል፣ ማጠፊያ ዘይት ያጠጣል፣ ይመለሳል። በዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከዚያ ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የሚንቋቋ በር ጠፋ። ሌላ ጊዜ በድንገት ሲመጣ ደግሞ "ለአሥራ አራተኛው ይቆይ" ትለዋለች፤ መቆጠብ ይሻላል የሚል አንድ ቦታ አንብባ ነበር።

"ሐኪም ዘንድስ?" አሉ እትዬ ደመና።

"ሄደናል። ሁለታችንም ደህና ነን ተባልን። ሐኪሙ 'ወር አበባሽ ይዛነፋል ወይ' አለኝ።"

"ምን አልሽ?"

"እንደ ሰዓት ነው አልኩት።"

እትዬ ደመና ሊስቁ ነበር፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ተዉት።

የመጨረሻውን ልጅት መስኮት መስኮቱን እያየች ተናገረችው። ባለፈው ወር ባሏ ሩቅ የሚዘረጋ አዲስ መስመር ላይ ለሁለት ዓመት ሊሄድ ስሙን አስመዝግቧል። ጉዞው ከአራት ወር በኋላ ነው። ተጣልተው አይደለም። "ቤት ስገባ ሁለታችንም የምንጠብቀው ሰው አለመምጣቱ ይከብደኛል" ብሏት ነው። እሷም ሂድ አለችው። እስከዚያ ካልሆነ ነገሩን ሊተዉት፣ ከእንግዲህም ላያነሱት ተስማሙ። ደብተሩን ልትጥል የወጣችው ለዚህ ነው።

ያልተናገረችው ነገር አለ። ጉም በሚወርድባቸው ቀናት፣ ለንባብ ስትወጣ፣ ከመስታወቱ ኳስ አጠገብ ቁጢጥ ያለ ትንሽ ሰው የምታይ ይመስላት ነበር። አትፈራውም። በቀጥታ ካየችው አይኖርም፤ ነጩን ሳጥን እያየች በዓይኗ ጠርዝ ብቻ ስትይዘው ግን አለ፤ ጣቱን ኳሱ ላይ አድርጎ ፀሐይ ትወጣ እንደሆነ ይጠብቃል። ስለዚህ ሙቀቱን ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች፣ እንዳይበረግግ።

እትዬ ደመና ጃንጥላቸውን አነሱ። "ተነሺ።"

"ወዴት?"

"እኔ የማውቀው ሰማይ ነው። ዝናብ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲመጣ ምክንያቱም ሁለት ነው፤ እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ። ከዚህ በታች ያለውን የሚያውቅ ሰው እንፈልግ። የስድስት ሰዓቱ ንባብ ሳይደርስ እንመለሳለን።"

ጤና ጣቢያው ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል፤ በዚያ ቀን አርባ ደቂቃ ወሰደባቸው። እትዬ ደመና ሦስት ጊዜ እየቆሙ "ይሄን ደመና እይው" አሉ። ልጅት አየች፤ ሦስቱም ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እሳቸው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነው።

አዋላጅ ነርሷ ወፍራም፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ቀልድ የማትፈራ ሴት ናት። ደብተሩን አገላብጣ አየችው፤ ግራ ገብቷት ወደ እትዬ ደመና ዞረች። እትዬ ደመና ምልክቶቹን አንድ በአንድ ተረጎሙላት። ከዚያ በኋላ ነርሷ ወንበሯን ወደ ልጅት አስጠጋች።

"ጠብታው ምን ዓይነት ነው?"

"ፈዘዝ ያለ። አንዳንዴ ሮዝ፣ አንዳንዴ ቡናማ። በማግሥቱ የለም።"

"ሆድሽንስ?"

"በአንድ ጎን ውጋት ቢጤ ይለኛል። ብዙም አይደል።"

"የኔ እህት፣ ይሄ ወር አበባ አይደለም። አንዳንድ ሴት እንቁላሏ በሚወጣበት ሰሞን እንዲህ ጠብ ይልባታል። ወር አበባሽ በሃያ ስምንት ቀን አንዴ የሚመጣው ይሄ ብዙው ነው። መቁጠር ያለብሽ ከሱ ብቻ ነበር።" ጣቷን ጠብታ ከተጻፈበት ቀን አንስታ ወደ ኋላ አራት አምስት ረድፍ ወሰደችው። "ፅንስ የሚያዝባቸው ቀናት እነዚህ ናቸው፤ ከጠብታው በፊት ያሉት፣ የጠብታው ቀን ራሱም። በነዚህ ቀናት የት ነበርሽ?"

ልጅት ጉልበቷን አየች። "ሶፋ ላይ።"

"ባልሽስ?"

"ምሰሶ ላይ።"

ነርሷ መጀመሪያ ልትይዘው ሞከረች፤ ሳቋ ግን አመለጣት፤ እትዬ ደመናንም ይዟቸው ሄደ፤ ልጅትም ሳታውቀው ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ አገጯ ጋ ደረሰ። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የክብደት መለኪያው ሚዛንና የተንጠለጠለው ነጭ ጋውን መሐል፣ ቀልሎ ሲንሳፈፍ ታያት።

"በይ አሁን ሥራ" አለች ነርሷ ዓይኗን እየጠረገች። "በመሐል የሚታይ ደም ሌላም ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሳልመረምርሽ አትሄጂም። ዋስትናም አልሰጥሽም። በዕድሜሽ ወራት ሊፈጅ ይችላል።"

ምርመራው ንጹሕ ሆነ። የስድስት ሰዓቱ ንባብ አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ተጻፈ፤ እትዬ ደመና በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው ያሳለፉት የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በማስታወሻው አምድ ላይ ምክንያቱን ሲጽፉ "የሥራ ጉዳይ" አሉ።

ልጅት በዚያው ቀን ደወለች።

"የት ነህ?"

"ሰማይ ላይ።" ከጀርባው ነፋስ ያፏጫል፤ የሆነ ብረት ይጮሃል።

"ውረድና አናግረኝ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ቁጠራው ስህተት ነበር።"

"የቱ ቁጠራ?"

"የኛ።"

"ስንቴ ነው የተሳሳትነው?"

"ሁሌም።"

ወርዶ እስኪያናግራት ሩብ ሰዓት ጠበቀች። ሁሉንም ነገረችው። እሱ ብዙ አልጠየቀም፤ "እና ያን ሁሉ ቧንቧ በከንቱ ነው የጠገንኩት?" አለ ብቻ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ ካቦውን ፈቃድ ሲጠይቅ ሰማች። ካቦው "ሚስትህ ደግሞ ሐሙስ ሆነባት?" ሲል፣ ባልደረቦቹ ሲያሽካኩ ሰማች። ባሏም "አይ፣ ቀኑ ተቀይሯል" ሲል።

በሚቀጥለው ወር በአሥረኛው ቀን መጣ፤ ስድስት ቀን ይዞ። ሁለቱም እንደ እንግዳ ሆኑ። ቤቱ ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ መጋረጃው በመስኮቱ እየተነፋ ሲገባና ሲወጣ አልጋው ላይ ተጋድመው ያወሩ ነበር፤ እሱ ከምሰሶ ላይ የሚያያቸውን ጣራዎች፣ ግቢዎች፣ ከላይ ሲታዩ ቁልፍ የሚያህሉ ሰዎች ይነግራታል፤ እሷ ደግሞ ሰማይን ለስምንት ከፍሎ ስንቱ በደመና እንደተሸፈነ መቁጠር እንዴት እንደሆነ በጣሪያው ላይ በጣቷ እያሳየች ታስተምረዋለች። ብርሃኑ በግድግዳው ላይ በዝግታ ይሄዳል። ቀኑ ሰኞ ይሁን ረቡዕ የጠፋቸው ጊዜ ነበር። ልጅት ከተኛችበት ሆና ክፍሉ ውስጥ ጉም የገባ ይመስላት ነበር፤ ደረቅ፣ ሞቅ ያለ ጉም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ጠብታው መጣ። ፈዛዛ ነው፣ የጥፍር ግማሽ አይሞላም። ለብዙ ወራት ሲያስከፋት የኖረውን ምልክት መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሳች፣ ወደ መኝታ ክፍል ገባች፣ ትራሷን አንስታ ወደ ሶፋው አመራች። ኮሪደሩ መሐል ስትደርስ ባሏ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

"ትራሱ ወዴት ነው?"

ልጅት እጇን አየች። "እግሬ ለምዶ ነው።"

"እግርሽን እኔ አስለምደዋለሁ። ትራሱን መልሺ።"

መለሰችው።

በዚያ ወር አልሆነም። በሃያ ስምንተኛው ቀን ብዙው መጣ፤ ልጅት የስድስት ሰዓቱን ንባብ ወጥታ ነጩ ሳጥን ሥር ለረጅም ጊዜ ቆመች። እትዬ ደመና ከመስኮት አይተዋት ነበር፤ ስትገባ ትኩስ ሻይ ፊቷ አስቀመጡ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ራሳቸው ወጡ። በሁለተኛውም ወር አልሆነም። ባሏ የጉዞ ጓዙን ማዘጋጀት ጀመረ፤ ወፍራም ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ፣ አዲስ የወገብ ቀበቶ። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ሆኖ በሌሉበት ሰዓት ሁሉ የሚተነፍስ ይመስላት ነበር። በሦስተኛው ወር በዘጠነኛው ቀን መጥቶ ሰባት ቀን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው አንድ ወር ብቻ ነው።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ደረቅ ሆኖ አለፈ። ሃያ ዘጠነኛውም። በሠላሳ አንደኛው ቀን ጉም ወርዶ ነበር። ልጅትና እትዬ ደመና ለሦስት ሰዓቱ ንባብ አብረው ወጡ፤ ትልቋ በዚያ ሰሞን ብቻቸውን መሄድ ያደክማቸው ስለነበር ክንዷን ይዘዋል። ከመስታወቱ ኳስ አጠገብ ማንም አልነበረም።

"ሦስት ቀን አለፈው" አለች ልጅት።

እትዬ ደመና ቆሙ። ሰማዩን አላዩም፤ በዚያ ጠዋት ያዩት እሷን ነው። "ጽፈሽዋል?"

"አልጻፍኩም። ፈራሁ።"

"አትጻፊው። አንዳንዱ ሳይጻፍ ይቆይ።" ክንዷን ጠበቅ አደረጉት። "በይ ነይ፣ ሙቀቱ ሳይነበብ ሰዓቱ ሊያልፍ ነው። ባለፈው አሥራ አንድ ደቂቃ ያስበላሽኝ ይበቃሻል።"

በሳምንቱ ነርሷ አረጋገጠችላት። ባሏ ዜናውን ሲሰማ ምሰሶ ላይ አልነበረም፤ መኪና ውስጥ ነበር፤ መኪናውን ዳር እንዲያሲዝለት ነጂውን ለምኖ፣ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ስሙን ከዝርዝሩ አስፋቀ። ካቦው "ሐሙስን ለኛም አስተምረን" አለው፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደበትም።

እትዬ ደመና ሆስፒታል የገቡት ፅንሱ አምስተኛ ወሩን ሲይዝ ነው። ልጅት በየቀኑ ከስድስት ሰዓቱ ንባብ በኋላ ትሄድ ነበር፤ የዕለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋ ይዛላቸው። እሳቸው በአልጋው ላይ ቀና ብለው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያነቡና ያርሟታል። ሆስፒታል ከገቡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ሲል፣ አንድ ቀን ወረቀቱን ሳይቀበሏት ቀሩ።

"ሐኪሙ ራጅ አንስቶኝ ሳንባዎ ላይ ደመና አለ አለኝ" አሉ። "ምን ዓይነት ደመና ብዬ ብጠይቀው አያውቀውም። ከፍታውንም አልለካም። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ጣቢያ አንድ ቀን አይውልም።"

ልጅት ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪያልፍ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ወስደው ሆዷ ላይ አኖሩት፤ የራሳቸውን ደግሞ በላዩ። ሕፃኑ ያን ሰዓት ሳይተኛ አልቀረም፤ አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ደመና ግን እስኪንቀሳቀስ ጠበቁ፤ ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፤ መጠበቅ የሚችሉበት ሥራ ነው። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከአልጋው እግር እስከ ብርድ ልብሱ እጥፋት ወጣ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ግፊት መጣች።

"አለ" አሉ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

እትዬ ደመና ከዚያ በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረፉ። ሕፃኗ የተወለደችው ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም ትመዝን ነበር፤ ያዋለደቻትም ያችው ነርስ ናት።